አቶ ኢተፋ ቤት ሳይደወል አይገባም

ሐበሻ ሦስት ሆኖ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ፣ ሕግ ያልተማረ አንድ የሕግ አዋቂ አይጠፋም። ፍራንክፈርት ብትሄዱ ታገኙታላችሁ፤ ጁባ ብትሄዱም ቀድሟችሁ ደርሷል። አንዱ የመኪና ቅጣት ይግባኝ ሊቅ ነው። ሌላው የፍቺ ጉዳይ ያውቃል፤ ራሱ ሦስት ጊዜ ስለፈታ ልምዱ አለው። የኦስሎው፣ ማለትም የተከበሩ አቶ ኢተፋ፣ የያዙት ዘርፍ ጠበብ ያለ ነበር። ሰው ሳይጠራ ቤትህ ቢገባ ምን ያህል ልትመታው ትችላለህ፣ የሚለውን ብቻ ነው የሚያውቁት። በዚህ ጉዳይ ግን ከግሮሩድ ሰፈር እስከ ብሪን ሰፈር የሚስተካከላቸው አልነበረም። እርግጥ የሚፎካከራቸውም አልነበረም።

መቅዲ ይህን ሁሉ ከቅርብ አይታለች። ኦስሎ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ሕግ መማር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች ልጅ ናት። እናቷ ጸዳለና የአቶ ኢተፋ ባለቤት ወይዘሮ ታየች በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ይሠራሉ፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያንም ይዘምራሉ። ስለዚህ መቅዲ ሕግ ፋኩልቲ የገባች ዕለት አቶ ኢተፋ የተደሰቱት ለሷ ብለው አልነበረም። ዕድሜ ልካቸውን የሚከራከሩት ሰው ሲፈልጉ ኖረው፣ በመጨረሻ መንግሥት በነጻ እያስተማረ ሊያዘጋጅላቸው ነው።

ነገሩ የጀመረው በስኪ ነው። በፈረንጆቹ 2008፣ መጋቢት ላይ፣ ሌባ የሕንፃውን ምድር ቤት ሰብሮ የአቶ ኢተፋን የበረዶ መንሸራተቻ ይዞ ሄደ። ስኪውን የገዙት በ1994 ነው፣ አንድ ቀን ሊማሩበት። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ አልቆሙበትም። ሌባው እንደወሰደው ግን በአንድ ሌሊት ስፖርተኛ ሆኑ። «ዘንድሮ ልጀምር ነበር» እያሉ ለሰው ሁሉ ተናገሩ። ሰውም አዘነላቸው፤ ምን ያድርግ።

ሌባው ዱላዎቹን ትቷቸው ነበር። አቶ ኢተፋ ሁለቱን የስኪ ዱላዎች ወደ አራተኛ ፎቅ ቤታቸው አወጡና ከመኝታ ክፍሉ በር ጀርባ አቆሟቸው። ቀጥለው ቤተ መጻሕፍት ሄዱና ያንን ትልቁን ቀይ የኖርዌይ ሕግ መጽሐፍ ተዋሱ። የመመለሻው ቀን ደርሶ ሲደወልላቸው «ገና ፓራግራፍ አርባ ስምንት ላይ ነኝ» አሉ።

ፓራግራፍ አርባ ስምንት ራስን ስለ መከላከል የሚናገር ነው። ጥቃት የደረሰበት ሰው ጥቃቱን ለመመከት ያደረገው ነገር አያስቀጣውም ይላል። ታዲያ ያደረገው ከሚያስፈልገው ማለፍ የለበትም፤ ከአደጋው ጋር ሲመዘንም ፈጽሞ ቅጥ ያጣ መሆን የለበትም። ለሌላ ሰው ይህ የጥቂት መስመር ንባብ ነው። ለአቶ ኢተፋ የወራት ሥራ ሆነ። ብሪን ባለው መጋዘን ሳጥን እያነሱ ያሰላስሉታል፤ ቤት ገብተው ለወይዘሮ ታየች ያብራሩታል፤ እሑድ ለምእመናን ያካፍሉታል።

«ተመጣጣኝ ነው ወይ? ጥያቄው ይኸ ነው» ይላሉ ጣታቸውን አንስተው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ሕዝቡ አዳራሽ ውስጥ ሳህኑን ይዞ ሲበላ፣ አቶ ኢተፋ የቤት ዕቃ ይመድባሉ። የመወልወያ እንጨት ተመጣጣኝ ነው። የሊጥ መዳመጫ እንደ አመታቱ ነው። መጥበሻ ከቀዘቀዘ ያስኬዳል፤ ከጋለ ጠበቃ ያስፈልጋል። አንድ እሑድ ወይዘሮ የዓለምወርቅ፣ የመዘምራኑ ሰብሳቢ፣ ከልባቸው አስበው ጠየቁ።

«የፈላ ነገር ብደፋበትስ?»

«ውሃ ነው ሽሮ?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ውሃ ይፈሳል፤ ሽሮ ይጣበቃል» አሉ አቶ ኢተፋ። «ፍርድ ቤት ይኸን ያያል። ውሃ መከላከል ነው። ሽሮ ግን ቂም ነው።»

አዳራሹ ሙሉ ሰው ከእጁ ሳህን ላይ ያለውን ሽሮ አዲስ በሆነ አክብሮት ተመለከተው። መቅዲ ከዳር ሆና «ጋሼ፣ ይኼ የትም አልተጻፈም» አለች። «እርስዎ» ማለት አልለመደባትም፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ስትል ነው ያደገችው። አቶ ኢተፋ ለዚህ ግድ አልነበራቸውም። «ያልተጻፈውን ነው እኔ የማስተምረው» አሏት።

ከዚያ ማስጠንቀቂያው መጣ። ቤት የሰበረን ሰው ከመምታት በፊት ማስጠንቀቅ ይሻላል የሚል ነገር አንድ ቦታ አንብበው ነበር። ስለዚህ በኖርዌጂያንኛ አራት ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ፤ ሥራ ቦታ አሳትመው በላስቲክ አስለበጡና ከውጭው በር በስተውስጥ በኩል ሰቀሉት። እንዲህ ይል ነበር። «ይህ መኖሪያ ቤቴ ነው። ሳይፈቀድልህ ገብተሃል። እንድትወጣ አስጠነቅቅሃለሁ። ካልወጣህ በፓራግራፍ አርባ ስምንት መሠረት አስፈላጊና ተመጣጣኝ የሆነ እርምጃ እወስዳለሁ።» ቀስ ተብሎ ሲነበብ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል።

«ሌባ ግማሽ ደቂቃ ቆሞ አይሰማህም» አለች መቅዲ።

«ካልሰማማ ጥፋቱ የራሱ ነው።»

ማስጠንቀቂያውን መጀመሪያ የሰማው ሌባ አልነበረም። የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ ማሞቂያ ሊያይ በቀጠሮው ቀንና ሰዓት መጣ። አቶ ኢተፋ «ለልምምድ ነው፣ ይቅርታ» ብለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡለት። ሰውየው መሣሪያ ሳጥኑን እንደያዘ አዳመጠና «ጥሩ ነው» ብሎ ማሞቂያውን ጠግኖ ሄደ። ኖርዌጂያን ሕግ ሲነበብለት አያቋርጥም። አቶ ኢተፋ ይህን የመጀመሪያው ድላቸው አድርገው ለወራት አወሩት።

ከሁሉ የከበደው ግን ለወገን የወጣው መመሪያ ነው። ከእንግዲህ ሳይደውል የሚመጣ ሰው እንደ እንግዳ አይታይም ተባለ። ይህን ለሐበሻ መንገር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ዓምሃ፣ ወይዘሮ ታየችን ጉንፋን ይዟቸው ሊጠይቁ፣ አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዘው ድንገት መጡ። በሩ አልተከፈተም። ከበሩ ቀዳዳ ኋላ አንድ ዓይን ታየ።

«የመጡበትን ጉዳይ ይግለጹ» አለ ድምፁ።

«ኧረ እኔ ነኝ፣ ዓምሃ።»

«ማንነትዎን አልጠየቅሁም። ጉዳይዎን ነው።»

አቶ ዓምሃ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ስንቱን የተጣላ ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው፣ ብርቱካን አንድ በአንድ እያወጡ ለቀዳዳው አሳዩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሳይደውል አልሄደም። ከደወለም በኋላ ደረጃው ሥር ቆሞ ሁለተኛ ይደውላል።

በዓለም ላይ ለፓራግራፍ አርባ ስምንት ደንታ ያልነበራቸው አንዲት ሰው ብቻ ናቸው፤ ጊምቢ ያሉት የአቶ ኢተፋ እናት። አቶ ኢተፋ በየእሑዱ ይደውሉላቸዋል። አንድ እሑድ መቅዲ እዚያው ነበረችና ስልኩ ድምፁ ለቤቱ እንዲሰማ ተደርጎ፣ አቶ ኢተፋ በኦሮምኛ ሕጉን ሲተነትኑ ሃያ ደቂቃ ሰማች። አንዲት ቃል አልገባትም። በመጨረሻ አሮጊቷ አጠር ያለ ነገር ተናገሩ፤ ወይዘሮ ታየችም ሳቃቸውን አፍነው ወደ ማእድ ቤት ገቡ።

«ምን አሉ?» አለች መቅዲ ተከትላቸው።

«‹ርቦት ይሆናል፣ አብላውና ሸኘው› ነው የሚሉት። ደግሞ ‹እዚያ አገር ሌባ እናት የለውም ወይ› አሉት።»

አቶ ኢተፋ ስልኩን ዘጉ። «የእናቴ አቋም በሕግ አይደገፍም» አሉ፤ ደስ ብሏቸው ነበር።

እኚህ እናት ኅዳር ላይ፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በተኙበት አረፉ።

የአቶ ኢተፋ ወንድም ረቡዕ ዕለት ከጊምቢ ደወለ። የደወለው ለአቶ ኢተፋ አይደለም፣ ለአቶ ዓምሃ ነው። ለሐዘኑ ባለቤት በስልክ መርዶ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ደርሶ ነው የሚነገረው። ታዲያ ኦስሎ ነውና ረቡዕ ሰው ሥራ ላይ ነው፤ ሐሙስም ሥራ ላይ ነው፤ ዓርብ ግማሹ የማታ ተረኛ ነው። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ቅዳሜ ማለዳ ይሁን አሉ። ኦስሎ ውስጥ ሞትም ቢሆን ወረፋ ይይዛል። እስከዚያ ከአቶ ኢተፋና ከወይዘሮ ታየች በስተቀር የቤተ ክርስቲያኑ ትልልቅ ሰዎች በሙሉ ያውቁ ነበር።

ሐሙስ ማታ እንደ ወትሮው የጸሎት ቡድኑ ሄልስፊር ባቡር ጣቢያ አጠገብ አቶ ዓምሃ ቤት ተሰበሰበ። አቶ ኢተፋ ከጸሎቱ በኋላ አዲስ ነጥብ ይዘው ተነሡ። ሌባው ጀርባውን አዙሮ እየወጣም ቢሆን፣ ቀለል አድርጎ አንድ ጊዜ መምታት ይቻላል አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ያን ምሽት ግን «እውነት ነው» አሉ አቶ ዓምሃ። «ልክ ብለዋል» አሉ ወይዘሮ የዓለምወርቅ፤ ደግሞም ሳይጠየቁ ሁለተኛ ወጥ ጨመሩላቸው። አንዱ ትራስ ከጀርባቸው አደረገላቸው። አቶ ኢተፋ ዙሪያውን ተመለከቱ፤ ፊታቸው በራ። ስምንት ወር የለፉበት ትምህርት በመጨረሻ ገባቸው ብለው አመኑ።

ለመቅዲ የነገራት ሰው አልነበረም። ወጣቶቹ አፋቸው አያርፍም ተብሎ ከወሬው ውጭ ተደርገዋል። ስለዚህ እሷ በቅን ልቦና ተነሣች።

«ናይ፣ አይደለም ጋሼ። ተሳስተሃል። ጀርባውን ካዞረ ጥቃቱ አልቋል። ከዚያ በኋላ ብትመታው ስለተናደድክ ነው እንጂ ራስህን እየተከላከልክ አይደለም።»

እናቷ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት። መቅዲ አልገባትም። አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ፤ እሷ የመማሪያ መጽሐፏን ጠቀሰች፣ እሳቸው የጥገና ሠራተኛውን ጠቀሱ። ሲለያዩ አቶ ኢተፋ እጇን ጨብጠው «ሰነፍ አይደለሽም» አሏት።

ባቡር ላይ እናቷ ነገረቻት። መቅዲ እስከሚወርዱበት ጣቢያ መስኮቱን ስታይ ቆየች። እናቱ የሞቱበትን ሰው ስትረታ አምሽታ መጣች፤ አፈረች። ከዚያ ደግሞ ተናደደች።

«ለምን አሁን አንነግረውም? የማወቅ መብት አለው እኮ። የሱ እናት ናቸው።»

«በስልክ?» አለች ጸዳለ። «ብቻውን ወለል ላይ ወድቆ እንዲያድር? ሰው አይደለም እንዴ?»

ለመቅዲ ሁለቱም አነጋገር ትክክል መሰላት፤ ይህን ደግሞ ሕግ ፋኩልቲ አላስተማሯትም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አቶ ዓምሃ ራሳቸው ደወሉላት። የሕግ ምክር ፈልገው ነው።

«ደወል ብንደውል አይከፍትም» አሉ። «አስቀድመን ስልክ ብንመታ ደግሞ መርዶ መሆኑን ያውቃል። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም፣ ልጄ። ታየች ዛሬ የማታ ተረኛ ናት። እናትሽ እዚያው ትነግራታለች፤ ጠዋት ቁልፏን ይዛ ከኛ ጋር ትመጣለች። በቁልፍ ብንገባ ያስከስሰናል?»

«ወይዘሮ ታየች ራሳቸው ካስገቡን አያስከስስም። ቤታቸው ነው።»

«እሺ። ቢመታንስ?»

መቅዲ አሰበች። «ሌባ መስለነው ከመታን ሕጉ የሚያየው እሱ በዚያች ሰዓት ያመነውን ነው። በስህተትም ቢሆን ከልቡ ካመነ ላይቀጣ ይችላል።»

አቶ ዓምሃ ይህን ደግመው ማረጋገጥ ፈለጉ።

«መትቶን ነጻ ይወጣል?»

«ያ፣ አዎ። ተመጣጣኝ ከሆነ።»

«እንግዲያ አንቺ ከፊት ትሆኛለሽ» አሉ አቶ ዓምሃ። «አንቺን ይወድሻል።»

ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የአቶ ኢተፋ ሰፈር ግሮሩድ ገና ጨለማ ነው። ሰባት ሆነው መጡ፤ ወይዘሮ ታየች፣ ጸዳለ፣ አቶ ዓምሃ፣ ወይዘሮ የዓለምወርቅ፣ ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎችና የሕግ አማካሪዋ። ሁሉም ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። ሊፍቱ ድምፅ ያሰማል ተብሎ አራት ፎቅ በእግር ጣታቸው ወጡ። ወይዘሮ ታየች ሌሊቱን ሙሉ አልቅሰው ዓይናቸው አብጧል፤ ቁልፉን እሳቸው አዞሩ።

ገቡ። ገብተውም እንደ ደንቡ ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ኦስሎ ውስጥ ጫማ አድርጎ ሰው ቤት መግባት ነውር ነው፤ ይህ ነውር ሃያ ዓመት ተቀምጦባቸው አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። በአንዲት ጠባብ ኮሪደር፣ በጨለማ፣ ሰባት ሰው አጎንብሶ የክረምት ቦት ጫማ ክር ይፈታል። መቅዲ ጫማ አውልቆ የሚሰርቅ ሌባን በፍርድ ቤት እንዴት እንደምትከላከል ስታስብ፣ አቶ ዓምሃ አንድ እግራቸው ላይ ቆመው ሚዛናቸውን ሳቱና የኮት መስቀያውን ይዘውት ወደቁ።

መብራት በራ።

አቶ ኢተፋ በመኝታ ልብሳቸው፣ የስኪ ዱላ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ከመኝታ ክፍሉ በር ላይ ቆመዋል። ጸጉራቸው በአንድ ወገን ተኝቷል። የሰለጠኑበት ቀን ደርሷልና ወዲያው ጀመሩ። «ይህ መኖሪያ ቤቴ ነው» አሉ በኖርዌጂያንኛ፣ ደረታቸውን ነፍተው። «ሳይፈቀድልህ ገብተሃል።» እዚህ ላይ ዓይናቸው ብርሃኑን ለመደ። አቶ ዓምሃን ከካፖርቶቹ ሥር አዩ። የወይዘሮ የዓለምወርቅን ጥቁር ነጠላ አዩ። ጸዳለ ደግፋ የያዘቻቸውን ሚስታቸውን አዩ። ድምፃቸው ዝግ አለ፤ ግን አላቆሙም። ማስጠንቀቂያውን እስከ መጨረሻው አሉት። ሲጨርሱ ደግመው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

መቅዲ ያን ጊዜ ገባት። እሳቸው እየተናገሩ እስካሉ ድረስ ሌላ ሰው መናገር አይችልም።

«አቶ ኢተፋ፣ ወንድማችን» አሉ አቶ ዓምሃ እየተነሡ።

«አልደወላችሁም» አሉ አቶ ኢተፋ፣ አሁን በአማርኛ። «ማንም አልደወለልኝም። ቤቴ ነው። ውጡልኝ።» ከዚያ ወደ መቅዲ ዞሩ። «አንቺ ሕግ ትማሪያለሽ። ንገሪያቸው። ውጡ ካልኩ መውጣት አለባቸው ወይስ የለባቸውም?»

ጉዳዩ የሚያከራክር ነበር። ሚስት ያስገባችውን እንግዳ ባል ማስወጣት ይችላል አይችልም በሚለው ላይ፣ በሌላ ቀን ቢሆን መቅዲ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ትፋለማቸው ነበር። ለኚህ ሰው አንዲት ነጥብ በነጻ ሰጥታ አታውቅም።

«መውጣት አለብን፣ ጋሼ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። መርዶ ሊነግር ገብቶ የተመለሰ ሰው ታይቶ አይታወቅም። «ብቻውን?» አሉ አቶ ዓምሃ በሹክሹክታ። «በዚህ ሰዓት ሰው ብቻውን ይተዋል?» ወይዘሮ ታየች ወደ ባላቸው አንድ እርምጃ ሄዱ።

«አንቺም ከነሱ ጋር ነው የመጣሽው» አሏቸው አቶ ኢተፋ።

ስለዚህ ሰባቱም ጫማቸውን መልሰው አጠለቁና ወጡ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። ደረጃው ላይ ተደርድረው ቆሙ። መቅዲ የሽማግሌዎቹን ዓይን ሸሸች፤ ሰውየው ከበሩ ወዲያ አንድ ነገር ቢሆን ጥፋቱ የሷ ነው። ከላይኛው ፎቅ አንድ ጎረቤት ውሻውን ይዞ ወረደ። «እንደምን አደራችሁ» አለ በቋንቋው፤ ሰባቱም በአንድ ድምፅ መለሱለት። ጥቁር ካፖርቶቹን አየ፤ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ ውሻውን ጎትቶ አለፈ። በዚያ ሕንፃ ከዚህ የበለጠ ሐዘንን ማክበር የለም።

ከውስጥ ከባድ ነገር ወለል ላይ ሲጎተት ተሰማ። እንደገና ተጎተተ።

«በሩን በቁም ሣጥን እየደገፈው ነው» አሉ ወይዘሮ የዓለምወርቅ።

«ጌታ ሆይ፣ በሩን ዘግቶ ራሱን ሊያስርብን ነው» አሉ አንዱ ሽማግሌ። አቶ ዓምሃ መቅዲን አዩዋት። ወይዘሮ ታየች ግንባራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው «ኢተፋ፣ ኢተፋ» ይላሉ። መጎተቱ ግን ቀጠለ፤ አምስት ደቂቃ ያህል ቀጠለና ቆመ።

በሩ ተከፈተ። አቶ ኢተፋ ሱሪና ኮት ለብሰዋል፤ የኮቱ ቁልፎች ተዛንፈው ተቆልፈዋል። ዱላው አልነበረም። ከኋላቸው ሳሎኑ ይታያል። ጠረጴዛው ግድግዳ ጥግ ተገፍቷል፤ ምንጣፉ ተጠቅልሏል። የቤቱ ወንበር በሙሉ፣ የማእድ ቤቱ በርጩማ፣ የበረንዳው የላስቲክ ወንበር ሳይቀር በዙሪያው ተደርድሯል። ለለቅሶ ቤት የሚደረገውን ሁሉ ብቻቸውን አድርገው ጨርሰዋል።

«ግቡ» አሉ። «ጫማውን ተዉት፣ አታውልቁ።»

ገብተው ተቀመጡ። ወይዘሮ ታየች ባላቸው አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን ያዙ፤ እሳቸውም አልነሷቸውም። አቶ ዓምሃ ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። ሁላችንም እንግዶች ነን፣ ይህች ዓለም ማንንም አላስቀረችም፣ እያሉ በሩቁ መዞር ያዙ፤ ወጉም እንዲሁ ነው። አቶ ኢተፋ እጃቸውን አነሡ።

«አቶ ዓምሃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሐሙስ ዕለት ያልኩትን ሁሉ ተቀበላችሁኝ። ትራስ ሰጣችሁኝ። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። ሳትሸነግለኝ ያመሸች እሷ ብቻ ናት።» ወደ መቅዲ ጠቆሙ። «እሷ ትንገረኝ።»

ይህ አይደረግም። ሽማግሌ ቁጭ ብሎ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ መርዶ አትናገርም። ጸዳለ ከወንበሯ ግማሽ ተነሣች። መቅዲ «እኔ እኮ አላወቅኩም ነበር፤ ባውቅ እኔም እንደነሱ ትራስ እሰጥህ ነበር» ልትል አፏ ላይ ደረሰ። ግን እሳቸው እያዩዋት ነው፤ በቤቱ ውስጥ ያመኑት ሰው እሷ ብቻ ናት። ዋጠችው።

ተነሥታ ፊታቸው ቆመች። አማርኛዋ እንዳይሰናከል ቀስ አለች።

«ጋሼ ኢተፋ፣ እናትህ ሞተዋል። ማክሰኞ ጠዋት። ተኝተው ሳለ ነው፤ አልተሰቃዩም ብሏል ወንድምህ።»

ከዚያ ጠበቀች። ይህ ሰው አንዲት ቃሏን ሳይከራከር አሳልፎ አያውቅም። አንድ ቀን «ዛሬ ይበርዳል» ብትላቸው «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» ብለው አንድ ፌርማታ ሙሉ አስረድተዋት ያውቃሉ። አሁንም አንድ ነገር ይላሉ ብላ ጠበቀች፤ «ናይ፣ መቅዲ፣ እዚህ ላይ ተሳስተሻል» ብለው ጣታቸውን እስኪያነሡ፣ መጽሐፉን አምጥተው ገጹን እስኪያሳዩዋት። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ መሸነፍ ፈለገች። ይህን ሰው እንደ አባት እንደምትወደው ያን ጊዜ ታወቃት።

አቶ ኢተፋ አልተከራከሩም።

«ማክሰኞ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ምንም አልተሰማኝም።»

አጠገባቸው የነበረውን የበረንዳ ወንበር ሳቡላት። ስትቀመጥ ራሳቸውን ትከሻዋ ላይ ጣሉና፣ ኮታቸው እንደተዛነፈ፣ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ማንም ዝም በል አላላቸውም።